ኤምጂቢ 1972፦ ፍሪሲዮን ስረግጥ ይጮኻል፣ ማርሽም አይገባም፤ ሞተሩን ላስወርድ?

ባለ_ኤምጂቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ1972 ኤምጂቢ (አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) አለችኝ። ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ለረጅም ጊዜ ቆማ ነበር። ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ በብርድም በሙቀትም ይነሳል። ችግሩ ማርሹ ላይ ነው። ቆሜ አንደኛ ላስገባ ስል አልገባም ይላል። የኋላ ማርሽማ ሳይፋጭ አይገባም። እየሄድኩ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስቀይር ግን ያን ያህል አያስቸግርም። በዚያ ላይ ፍሪሲዮን ስረግጥ ከታች የሚፋቅ ነገር ይሰማኛል።

አንድ መካኒክ አየውና «የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ አልቋል፣ ሞተር ይውረድ» አለኝ። በዚህች መኪና ፍሪሲዮን ለመቀየር ሞተሩ መውጣት እንዳለበት አውቃለሁ። ያን ሁሉ ከመፍታቴ በፊት እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ሁሉም ማርሾች እሺ ብለው ይገባሉ።

አሮጌ_ካምቢዮ፦
ወንድሜ፣ መጨረሻ ላይ የጨመርካት ነገር ከሁሉም ትበልጣለች። ሞተር ጠፍቶ ማርሽ በቀላሉ ከገባ የማርሽ ዘንጉ፣ ቡሾቹና ካምቢዮ ውስጥ ያሉት ሹካዎች ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ሞተር ሲነሳ ብቻ እምቢ ካለ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው። ፔዳሉን እስከ ታች ረግጠህም የፍሪሲዮኑ ዲስክ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ የብረት ክብ) ጋር በትንሹ እየዞረ ነው። እየሄድክ ስትቀይር ብዙም የማያስቸግርህ ሲንክሮዎቹ (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስሉት ቀለበቶች) ያንን ትንሽ መጎተት ስለሚያሸንፉት ነው። በነገራችን ላይ ሲንክሮዎቹ ያለ ሥራቸው እየተበሉ ስለሆነ ነገሩን አታቆየው።

አንድ ነገር በጣም አጥብቄ ልንገርህ። ድምፁንና የማርሹን መጠንከር ለየብቻ ያዛቸው። ኩሽኔታ ይጮኻል እንጂ፣ እየጮኸም ቢሆን ፕሬሸር ፕሌቱን (ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነውን ክፍል) እስከሚፈለገው ድረስ ከገፋው ፍሪሲዮኑ ይለቃል። ኩሽኔታ ማርሽ የሚያጠነክረው የሚፋቀው የካርቦን ቀለበቱ ጨርሶ ካለቀ፣ ከተሰበረ ወይም ከመቀመጫው ላይ ተዛብቶ ከሆነ ነው። ሰው ሁለቱን ምልክት አብሮ ስላየ አንድ በሽታ ይመስለዋል። ሞተር ያወርዳል፣ አዲስ ኩሽኔታ ያስገባል፣ መልሶ ይገጥማል። ማርሹ ግን እንደ ድሮው ነው፤ ጥፋቱ የነበረው ከውጭ በኩል ነዋ። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜም ያናድደኛል።

እስቲ ይህን ሞክር። ሞተሩን አስነሳና ሚኒሞ ላይ ተወው። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጠህ ወደ አስር ሰከንድ ያዝ። ከዚያ የኋላ ማርሹን በእርጋታ አስገባ። የኋላ ማርሽ ሲንክሮ ስለሌለው ምንም ነገር አይደብቅም። ጠብቀህም ካፋጨ ዲስኩ እየተጎተተ ነው። ጠብቀህ ዝም ብሎ ከገባ ግን ፍሪሲዮኑ ደህና ነው፤ የካምቢዮው ዘንግ እስኪቆም ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው የፈለገው።

ቀጥለህ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ርገጥና ድገመው። በዚህ ከተሻለው ጉዳዩ የፔዳሉን ግፊት ወደ ፍሪሲዮኑ የሚያደርሰው የዘይት መስመር ነው። ውጤቱን ጻፍልን። እስከዚያ ሞተሩን ማንም እንዳይነካው።

ጆሮ_ለሞተር፦
ጋሼ አሮጌ_ካምቢዮ ባሉት ላይ የድምፁን ነገር ልጨምር። ከፍሪሲዮን አካባቢ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ የኩሽኔታ አይደለም። መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ ብቻ አድምጥ።

ማርሽ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ እግርህ ከፔዳሉ ላይ ተነስቶ ድምፅ ካለ፣ ስትረግጥ ደግሞ ከጠፋ፣ እሱ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ስትረግጥ ዘንጉ ስለሚቆም ድምፁም ይቆማል። በተቃራኒው ስትረግጥ የሚጀምር፣ ስትለቅ የሚጠፋ ከሆነ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። ሦስተኛው ሰው የሚረሳው ነው። በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ፣ ቮላኖው መሃል፣ የካምቢዮው ዘንግ አፍንጫ የሚቀመጥባት ትንሽ ቡሽ አለች። እሷ ስትበላ የምትጮኸው ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ ማርሽ ገብቶ፣ መኪናው ቆሞ እያለ ነው። ያን ጊዜ ክራንክ ሻፍቱ ይዞራል፣ ዘንጉ ቆሟል፤ ቡሿ በመሃል ትፋቃለች። ይህች ቡሽ አንዳንዴ ዘንጉን ትነክሰዋለች። ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑ በትክክል ቢለቅም ዘንጉ ከሞተሩ ጋር መዞሩን አያቆምም።

ለኤምጂቢ ደግሞ ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። ኩሽኔታው ባለ ኳስ አይደለም። የካርቦን ቀለበት ነው፤ ፕሬሸር ፕሌቱ ላይ እየተፋቀ ነው የሚሠራው። ጃጓር ኢታይፕም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ለስለስ ያለ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ጤነኛም ሆኖ ይሰማል። የሚያስፈራው ብረት ከብረት ሲፋቅ ነው፤ ያ ማለት ካርቦኑ አልቆ ያቀፈው ብረት ደርሷል።

ባለ_ኤምጂቢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ሞከርኩ። አስር ሰከንድ ጠብቄም የኋላ ማርሹ ያፋጫል። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ከረገጥኩ በኋላ ግን በግልጽ ይሻለዋል፤ አንደኛም ገባ። ድምፁ ስረግጥ ብቻ ነው የሚመጣው። የሚፋቅ ዓይነት ነው፤ የብረት ይሁን የካርቦን መለየት አልቻልኩም። የፍሪሲዮኑ ዘይት ደግሞ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ መሬት ላይ የሚንጠባጠብ ግን የለም።

አሮጌ_ካምቢዮ፦
ጥሩ። ፔዳል ደጋግሞ መርገጥ የሚያሻሽለው ነገር በኩሽኔታ መቀየር አይድንም። አሁን መለካት ነው።

መኪናዋን አንሳና ጠንካራ ማቆሚያ ላይ አሳርፋት። በክሪክ ብቻ ተንጠልጥላ ከስር እንዳትገባ፤ አደራ። ከካምቢዮው ጎን የታችኛውን ፖምፓ ታገኘዋለህ። ከእሱ ወጥቶ፣ ኩሽኔታውን የሚያንቀሳቅሰውን ሹካ የሚገፋ ዘንግ አለ። አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ታች ይርገጥልህ፣ አንተ ዘንጉ ስንት እንደሚሄድ በማስመሪያ ለካ። በኤምጂቢ 12 ወይም 13 ሚሊሜትር ገደማ መሄድ አለበት። ከዚያ በጣም ካነሰ ሞተር የምታወርድበት ምክንያት የለም፤ ጉዞው ከዘንጉ በፊት እየጠፋ ነው። በደንብ እየሄደ ፍሪሲዮኑ ካልለቀቀ ግን ጉዳዩ ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ መካኒክህ ትክክል ነው።

ቁጥሩን ካገኘህ በኋላ ፔዳሉ እንደተረገጠ ለአንድ ደቂቃ ይቆይ። ዘንጉ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ከተመለሰ የላይኛው ፖምፓ (ፔዳሉ የሚገፋው) ጎሚኒ ዘይት እያሳለፈ ነው። ዘይቱ ይቀንሳል፣ መሬት ላይ ግን የለም ስላልክ የላይኛውን ፖምፓ የኋላ የጎማ ሽፋን ገለጥ አድርገህ እይ። እዚያ ካልተገኘ የታችኛው ፖምፓ የጎማ ሽፋን ውስጥ ተጠራቅሞ ይሆናል።

ሌላው ትልቁ ሌባ የፔዳሉ ፒን ነው። ከኮፈኑ ስር የፔዳል ሳጥኑን ክዳን ፍታ። ፔዳሉንና የፖምፓውን ዘንግ የምታገናኘዋን ፒን አውጥተህ እያት። በእነዚህ መኪኖች ፒኗ መሃሏ ተበልቶ፣ የፔዳሉም ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ነው የሚገኘው። እግርህ እየሄደ ፖምፓው ገና አልተነካም ማለት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የጎማ ቱቦዋን እይ። ፔዳሉ ሲረገጥ በእጅህ ጨብጣት፤ ካበጠች ግፊቱን እሷ እየበላችው ነው።

ቲአር_ስድስት፦
ለትራያምፍ ሰዎች ተቃራኒውን ልንገራችሁ፤ ይህ ውይይት ይጠቅማቸዋል። በቲአር4፣ ቲአር5 እና ቲአር6 ላይ የዘንጉ ጉዞ ሙሉ ሆኖ ፍሪሲዮኑ አይለቅም። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ሹካውን ከማዞሪያ ዘንጉ ጋር የሚያስር ጫፉ ሾጠጥ ያለ ፒን አለ። እሱ ይሰበራል። ሲሰበር ዘንጉ ይዞራል፣ ሹካው ግን ወደ ኋላ ይቀራል። አንዳንዴ ቁራጩ ተሰንቅሮ ትንሽ ስለሚይዝ አንድ ቀን ይሠራል፣ በማግስቱ አይሠራም።

ካምቢዮው ከወረደ አይቀር አዲስ ፒን ማስገባት ብቻ አይበቃም። ሹካውንና ዘንጉን ሌላ ቀዳዳ አብስቶ ሁለተኛ ብሎን ማሰር ነው። ፒኑንም በሽቦ ማሰር አይረሳ። እኔ ያለዚህ ሁለተኛ ብሎን ካምቢዮ አልመልስም።

ፈጣን_እጅ፦
ይህን ሁሉ ከመድከም በፊት የካምቢዮውን ዘይት ቀይሩ። ጠንከር ያለ፣ ጂኤል-5 የሚባለውን የማርሽ ዘይት አድርጉበት፤ ማርሹ ይለሰልሳል።

ጆሮ_ለሞተር፦
ወንድሜ፣ በአክብሮት አልስማማም። ዘይት ፍሪሲዮን አያስለቅቅም። ሞተር ጠፍቶ ማርሽ በቀላሉ የሚገባ ከሆነ ዘይቱን መወንጀል የለብንም።

ጂኤል-5 ደግሞ ለብዙ አሮጌ ካምቢዮ አይሆንም። ለዲፈረንሻል ጥርሶች ከባድ ግፊት የተዘጋጀ ነው፤ የግፊት መቋቋሚያ ንጥረ ነገሩ ከጂኤል-4 ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ሲንክሮ ቀለበት ነሐስ ሲሆን በዚያ ንጥረ ነገር የሚበላበት ጊዜ አለ። ባይበላም በጣም ያንሸራትታል። ሲንክሮ ደግሞ ሥራው በመፋቅ የማርሹን ፍጥነት ማመሳሰል ነው፤ ካንሸራተተ ማመሳሰል አይችልም። ኤምጂቢማ ከነጭራሹ የካምቢዮ ዘይት አይፈልግም። ካምቢዮዋ የሚሞላው ሞተሩ ውስጥ የሚገባው 20ደብልዩ-50 የሞተር ዘይት ነው። የገዛሃት መኪና ውስጥ ምን እንዳለ ካላወቅህ አፍስሰህ በትክክለኛው ሙላ፤ በዚህ እስማማለሁ።

በነገራችን ላይ፣ በብርድ ጠዋት ብቻ ሁለተኛ ማርሽ እምቢ ካለ፣ ሲሞቅም ከተስተካከለ፣ የዘይትና የሲንክሮ ነገር ነው። የአልፋ ሮሜዮ 105 ባለቤቶች ይህን በደንብ ያውቁታል። ዘይቱ እስኪሞቅ ሁለተኛን በእርጋታ ማስገባት ነው፤ በጉልበት የሚያስገባ ሰው ቀለበቱን ይጨርሰዋል።

ሙሉ_ጋዝ፦
ሰላም ወንድሞቼ። የእኔ ፖርሽ 911 ኤስሲ ናት፣ የ1979። የፍሪሲዮን ዘይት የላትም፤ በገመድ ነው። እሷም እየጠነከረች ነው። ፔዳሉ ከበፊቱ ከብዷል፤ አንደኛ ስትገባ ታንገራግራለች። ያላችሁትን የፖምፓ ምርመራ በእሷ እንዴት ላድርገው? እህታችሁ።

አሮጌ_ካምቢዮ፦
እህቴ፣ ሐሳቡ ያው ነው። እግርሽ የሰጠችው ጉዞ ካምቢዮው ጋ መድረስ አለመድረሱን ነው የምታዪው። 911 እስከ 1986 በገመድ ቆይታለች፤ በ1987 ጂ50 ካምቢዮ ሲመጣ ነው ሃይድሮሊክ የሆነችው።

ፔዳል ሲከብድ መጀመሪያ ገመዱን ጠርጥሪ። ውስጡ ሲደርቅ ወይም ሽቦዎቹ ሲበጣጠሱ ይከብዳል። ሽቦው እየተፈታ ከሆነ ጫፎቹ ላይ ታዪዋለሽ፤ አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ካየሽ አትጠብቂ፣ ቀይሪው። የፔዳሉ ማዞሪያ ቡሾችም ያረጃሉ። ከኋላ ደግሞ ሹካውን የሚረዳ ሞላ አለ፤ እሱ ወይም ማዞሪያው ከደረቀ ፔዳሉ ይከብዳል።

ማስተካከያውን በተመለከተ፣ በአንቺ ዓመት መኪና የፍሪሲዮኑ ክፍተት የሚለካው ካምቢዮው ላይ ባለው ማንሻ ነው። ብዙ ሰው ፔዳሉ ላይ ሊለካው ሲሞክር ይሳሳታል። ከፔዳሉ ስር ያለው መቆሚያም ትክክለኛ ቦታው ላይ መሆን አለበት፤ ከፍ ካለ ፔዳሉን ቀድሞ ያስቆመዋል። የመኪናሽን መመሪያ ይዘሽ አድርጊው።

ገመዱ ደህና ሆኖ፣ ሞተርም ጠፍቶ ማርሹ ከጠነከረ ሌላ ነገር ነው። ከኋላ መቀመጫዎቹ መሃል ባለው ክዳን ስር የማርሽ ዘንጉ መገናኛ አለ። ቡሾቹ ሲሰባበሩ ማርሹ የት እንዳለ መፈለግ ይሆናል። ርካሽ ነገር ነው፣ ለውጡ ግን በጣም ይታያል። የመኪናሽ ካምቢዮ፣ 915 የሚባለው፣ በተፈጥሮው ጥድፊያ አይወድም፤ እጅሽን አለስልሺለት።

ሙሉ_ጋዝ፦
ከፊት በኩል ገመዱ ላይ የተበጠሱ ክሮች አሉ። እዚያው አገኘሁት። አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት።

ባለ_ኤምጂቢ፦
ወደ እኔ ልመልሳችሁ። ዘንጉ 8 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። ፔዳሉ ሲቆይ ደግሞ ቀስ እያለ ይመለሳል። የላይኛውን ፖምፓ ጎማ ስገልጠው ዘይት ወረደ። የፔዳሉ ፒን መሃሏ ተበልቶ ወገብ አውጥታለች። ቱቦዋም ያረጀች ናት፤ ላዩዋ ተሰነጣጥቋል። ፖምፓውን፣ ፒኗንና ቱቦዋን ልቀይር ነው። አየር ማውጣቱ ላይ ግን በዚህች መኪና ያስቸግራል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጆሮ_ለሞተር፦
አያስቸግርም፤ መንገዱን ማወቅ ነው። አየር ወደ ላይ መሄድ ይወዳል፣ አንተ ደግሞ በፔዳል ወደ ታች ትገፋዋለህ። ስለዚህ በስተመጨረሻ የታችኛውን ፖምፓ ከማሰሪያው ፍታው፤ ቱቦው እንደተያያዘ ይሁን። ማስተንፈሻው ወደ ላይ እንዲያይ አድርገህ ዘንጉን በእጅህ ቀስ ብለህ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ግፋ። ዘይቱ አየሩን ይዞ ወደ ላይኛው ማጠራቀሚያ ይመለሳል። አረፋ እስኪጠፋ ድገመው። ፖምፓው ተፈትቶ ሳለ ግን ማንም ፔዳል እንዳይረግጥ፣ ፒስተኑ ተወርውሮ ይወጣል። ማጠራቀሚያውም ሞልቶ እንዳይፈስ ተጠንቀቅ፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል።

የላይኛው ፖምፓ ዘንግ ላይ ትንሽ ነፃ ጉዞ መኖሩን አረጋግጥ። ከሌለ የዘይቱ መመለሻ ቀዳዳ አይከፈትም፣ ግፊት ታስሮ ይቀራል፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ካርቦኑም ያለ ዕረፍት ይበላል። ዶት 4 ተጠቀም። ሲሊኮኑን ዶት 5 ከእሱ ጋር እንዳትቀላቅል።

ዜድ_ወዳጅ፦
የዳትሰን ጥያቄ ላስገባ። 240ዜድ ላይ አዲስ ሙሉ ፍሪሲዮን ተገጠመ። ፖምፓዎቹ አዲስ ናቸው፣ አየር የለም፣ ዘንጉም በደንብ ይሄዳል። ግን አይለቅም። ይህ ከምን ይመጣል?

ቲአር_ስድስት፦
የኩሽኔታውን መያዣ ቀለበት እይ። በዜድ መኪኖች የዚያ ቀለበት ቁመት የተለያየ ነው፤ ከፕሬሸር ፕሌቱ ቁመት ጋር መጣጣም አለበት። አጭር ቀለበት ዝቅ ካለ ፕሌት ጋር ከተጋጠመ ሹካው ሙሉ ጉዞውን ይሄዳል፣ ግን ገና ሳይነካ ያልቃል። ረጅሙ ከረጅም ፕሌት ጋር ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ ተጭኖ ይንሸራተታል። አሮጌው ፕሌት ካልተጣለ ጎን ለጎን አስቀምጠህ ለካቸው። ቀለበቱ መጣጣም ያለበት ከፍሪሲዮኑ ጋር ነው፤ የመኪናው ዓመት አይወስነውም። ሌላው የምጠረጥረው ዲስኩ ተገልብጦ መገጠሙን ነው።

ባለ_ኤምጂቢ፦
ተሠራ! ዘንጉ አሁን 13 ሚሊሜትር ይሄዳል። የኋላ ማርሽ ያለ ድምፅ ይገባል፣ አንደኛም እንዲሁ። ደስታዬ ወሰን የለውም። ሞተሩ አልተነካም። የሚፋቀው ድምፅ ግን አለ። እየነዳኋት ልቆይ ወይስ አደጋ አለው? መቼም አንድ ቀን ሞተሩ ሲወጣ ምን ምን አብሬ ልቀይር?

አሮጌ_ካምቢዮ፦
እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። የሹካውን የጎማ ሽፋን አንስተህ በባትሪ መብራት ግባ። የካርቦኑን ጠርዝ በከፊል ታየዋለህ። ካርቦን ከቀረ ንዳት። ብረቱ ከደረሰ ግን አቁማት፤ የፕሬሸር ፕሌቱን ፊት ጨርሶ ያበላሸዋል። ዕድሜውን የምታረዝመው አንተ ነህ። እግርህን ፔዳሉ ላይ አታሳርፍ። መብራት ላይ ስትቆም ማርሹን ዜሮ አድርገህ ፔዳሉን ልቀቅ። ካርቦን የሚያልቀው በመቆሚያ ላይ ነው፤ በመንዳት አይደለም። ፔዳል ረግጦ መቆም የክራንክ ሻፍቱን የጎን መከላከያ ቀለበቶችም ይበላል። አንድ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ከፊት ያለው ፑሊ ወደ ፊት በግልጽ ሲገፋ ካየህ እነሱ አልቀዋል፣ ያ ደግሞ የፍሪሲዮኑን ጉዞ ይሰርቃል።

ሞተሩ ሲወጣ ዲስኩን፣ ፕሌቱንና ኩሽኔታውን አንድ ላይ ቀይር። ቮላኖው መሃል ያለችውን ቡሽ አትርሳ። ነሐሷ ዘይት የሚጠጣ ዓይነት ነው፤ ከመግባቷ በፊት ዘይት ውስጥ ትደር፣ ግራሶ አታድርግባት። ዲስኩ የሚንሸራተትበትን የዘንግ ጥርስ ከዝገት አጽዳ፣ ግራሶው ስስ ይሁን። ከበዛ ዲስኩ ላይ ይረጫል። የሹካውን ማዞሪያ ብሎንና ቡሽም እይ፤ እዚያ ያለ ክፍተት ኩሽኔታውን ያዛባዋል። የሞተሩ የኋላ ዘይት ጎሚኒ የሚያፈስ ከሆነም መቀየሪያ ጊዜው ያኔ ነው።

ባለ ኳስ ኩሽኔታ ግጠም የሚሉህ ይኖራሉ። በእኔ በኩል ጥሩ ካርቦንን እመርጣለሁ፤ መቆሚያ ላይ እግሩን ለሚያነሳ ሰው ብዙ ይቆያል። ባለ ኳሱን ከመረጥክ ግን በቤንዚን እንዳታጥበው፤ ውስጡ ያለው ግራሶ ይወጣል።

ሁሉም ከገባ በኋላ ራዲያተሩን ሳታስር የዘንጉን ጉዞ እንደገና ለካ። 13 ካነበብክ እሰረው።